ከሰኞ በፊት

ወሬው ሐሙስ ደረሰኝ፣ ከባጃጅ ነጂ አፍ፣
ከሞኖፖል ወዲህ፣ በመታጠፊያው ጫፍ፦
«ፖስታ ቤቶች ሰኞ ሥራ ሊያቆሙ ነው፣
ደሞዝ ነው ይላሉ ያስኮረፋቸው።»

አልሰማሁም ነበር። ጭኔ ላይ አሥራ አንድ ጥቅል፣
አሥራ አንድ የአራስ ኮፍያ፣ የኪሮሽ ፈትል፣
አሥራ አንድ አድራሻ፣ በእጄ የተጻፈ፣
ሁለቱ ደሴ፣ አንዱ ጎባ፣ አንዱ ከጅጅጋ ያለፈ።

ሱቄ ስልኬ ውስጥ ነው። ኪራይ የለው፣ በር የለው፣
ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ሰው በአውራ ጣቱ የሚያልፈው።
ግን ኮፍያ በቴሌግራም አይሄድም፣
ብሩ ነው የሚበር፤ ክሩ አይበርም።
ዕቃ እግር ይፈልጋል፣
የኔ እግር ደግሞ ፖስታ ቤት፣ ከሦስተኛው መስኮት ኋላ ተቀምጧል።
ጋሽ ቱንሲሳ፦
ማኅተም ሲመቱ ጠረጴዛው የሚያገሣ፣
ቋጠሮዬን ሳያምኑ ደግመው የሚያጠብቁ፣
«ይሄማ መንገድ ላይ ይፈታል» ብለው የሚስቁ።

ማታ ተሰበሰብን፣ አቶቴ፣ ከምንታምር በረንዳ፣
ሶፎንያስ ከነአሮጌ መጻሕፍቱ፣ ሎጊታ ከነማሩ፣ ከነማሩ ዕዳ።
አንዱ ተቆጣ፦ «ምነው አሁን፣ ገበያው በዓል ሲሸተው!»
ሌላው አሰላ፦ «በአውቶብስ ረዳት ብልክ፣ ለአንዱ ጥቅል ስንት ነው?»
«ረዳቱ ስልክ ባያነሳስ?» «ሹፌሩ ቢለወጥስ?»
«ቡልቡላ ላይ ሙቀቱ ማሩን አቅልጦ ካርቶኑን ቢያርስስ?»
ምንታምር በርበሬዋን ላስቲክ በላስቲክ ላይ ታለብሳለች፣
ቀና ሳትል፣ «ለደንበኛስ ምን ይጻፋል?» ትላለች።

ምን ይጻፋል? «ውድ ደንበኞቻችን» ብዬ ጀመርኩ፣
«ከአቅማችን በላይ በሆነ…» አጠፋሁት፤ አፈርኩ።
«ፖስተኞቹ ሊቆሙ ይችላሉ። ላይቆሙም ይችላሉ።
የቸኮላችሁ ዛሬ ንገሩኝ።» ሰባቱ «እንጠብቃለን» አሉ።
አንዷ «ብሬን መልሺ» አለች። መለስኩ። እውነቷን ነው፣ አይጠበቅም፣
የአራስ ኮፍያ የወር ነው፤ ከዚያ ወዲያ አይጠልቅም።

ቅዳሜ ንጋት መነኸሪያ፣ ሁለት ቲኬት ቆረጥን፣
አንዱን ለሶፎንያስ፣ አንዱን ለካርቶን።
ረዳቱ ሳቀብን፦ «ለዚህኛው ተሳፋሪስ ቀበቶ አይታሰርለት?»
ታሰረለት። ሎጊታም እንደ ሙሽራ፣ በመስኮቱ በኩል እጁን አውለበለበለት።

ሰባት ጠባቂ፣ አንድ ተመላሽ፣ ሁለት የተሳፈረ፣
አንዱ ግን፣ የጎባው፣ እጄ ላይ ቀረ።
ያዘዘችው በሰው ስልክ ነው፤ የራሷ ያለችው የፖስታ ሳጥን ብቻ፣ ሠላሳ አራት፣
የትኛው ረዳት ያደርሰዋል? ሳጥን የሚሞላው ከኋላው ነው፣ ከፖስተኛው ቤት።

ሰኞ፣ ሁለት ሰዓት። በሩ ገርበብ ብሏል፤ አልተዘጋም፣
አልተከፈተም። ጋሽ ቱንሲሳ ደጅ ቆመዋል፤ የሥራ ካፖርታቸውን አልለበሱም።
ሌሊቱን ሙሉ ነበር ኩርፊያዬን የተለማመድኩት፣
«የጎዳችሁት እኛን ነው» የሚል ቃል በአፌ ያመላለስኩት።
ግን ጫማቸውን አየሁ። ሶሉ በሽቦ ተሰፍቷል።
እኔ ዋጋ ስጨምር ማንን አስፈቅጄ አውቃለሁ? ክር ሲወደድ ኮፍያ ይወደዳል።
የሳቸው እጅ ስንት ዓመት ነው በአንድ ዋጋ ማኅተም የመታው?

«ጋሼ፣ ይሠራል ወይስ ይቆማል?»
«ስብሰባ ላይ ናቸው። መልሱን ለአምስት ሰዓት ብለዋል።»

ጥቅሉን አላወጣሁም። ራሳቸው ናቸው ፌስታሌ ውስጥ ያዩት፣
እጃቸውን ዘረጉ፤ እንደ እንቁላል በመዳፋቸው መዘኑት።
«መቶ አርባ ግራም» አሉ፣ ሚዛናቸው ውስጥ እንደተቆለፈበት።
ቋጠሮዬን ፈቱት። አጥብቀው አሰሩት።
መለሱልኝ።

አሁን አምስት ሰዓት ሊሆን ነው።
ከአጥሩ ጥላ ሥር፣ ከሳቸው ጎን፣
ቆሜያለሁ፣ ጎባን ይዤ።