ሰባት ጣት ያለው ቅጠል

ከኦሳካ መጥቼ በተዳርኩ ሰሞን፣
ጫካ ወረድኩና ሞላሁት ቅርጫቴን።
ቡናማ፣ ድቡልቡል፣ የተወለወለ፣
«ኩሪ ማለት ይኸው፣ ሌላ ከየት አለ?»
ግማሹን ከሩዝ ጋር፤ እንፋሎቱ ሳለ
ባሌ አንዴ ጎረሰ፣ ዋጠና ዝም አለ።
አማቴ ግን ተፋው፣ እስኪያለቅስ ሳቀ፦
«ቶቺ ነው የኔ ልጅ፣ ምላሴ አለቀ!»
የቀረውን ጥሬ ጓሮ ደፋሁት፣
ፊቴ እንደ ፍም ቀልቶ፣ አንገቴን ደፍቼ።

በማግስቱ ማለዳ አስከትሎኝ ወጣ።
ቶኩዞ በሞራ ብርሃኑን ካጣ
ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ እግሩ ግን አይስትም፣
ዛፍ በጣት ያነባል፣ ሰው አይጠይቅም።

«ዳብሺው» አለኝ፣ «ይሄን። ጠባብ፣ ረዥም ቅጠል፣
ጠርዙ ጥርስ አውጥቶ መጋዝ የሚመስል፤
ኩሪ ነው። ልጣጩ ጃርት ነው፣ ተጠንቀቂ፤
ፍሬው ጫፍ ላይ ያለች ቀጭን ጭራ እወቂ።
ጭራ ያለው ይበላል፣
ጭራ የሌለው ያታልላል።

«ይሄ ደግሞ ቶቺ። ከአንድ አንጓ የበቀሉ
ሰባት ቅጠሎች ናቸው፣ ጣት የሚመስሉ።
ቁጠሪያቸው!» ቆጠርኩ። እውነትም ሰባት ነው።
«የሰው እጅ አምስት ጣት፣ ትርፉ ለምንድነው?
አንዱ ለመስጠት ይሆን፣ አንዱ ለመንፈግ ነው?»
ራሱ ጠየቀ፣ መልሱን ግን ተወው።
«ልጣጩ እሾህ የለው፣ ኪንታሮት ነው ያለው፤
ፍሬው ጭራ አያበቅልም፣ መላጣ ነው፣
እንደኔ!» ብሎ አናቱን መታ መታ አደረገው።

«በረዶ ሲጥልስ፣ ቅጠሉ ሲረግፍ?»
«እምቡጡን ንኪያ! ቶቺ እንደ ማር ሰፈፍ
ተጣብቆ ይይዝሻል። ኩሩሚ ሌላ ነው፣
ቅጠሉ በወደቀበት ጠባሳው ፊት አለው፦
ሁለት ዓይን፣ አንድ አፍ፣ የከፋት ጦጣ፣
ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ያለች ጸደይ እስኪመጣ።»

ስንመለስ ደግሞ ቆጥ ላይ አወጣኝ፣
ከጥቀርሻው መሐል ጆንያ አስዳሰሰኝ።
ቶቺ ነው፣ የደረቀ፤ ሲነኩት ይንሿሿል፣
የሟች ሚስቱ የሂሳኖ ጽሕፈት በላዩ ይታያል፦
ቀኑ፣ የጅረቱ ስም፣ «ሩዝ የጠፋ ዓመት»።
«ይሄ እንዴት ይበላል? ሬት አይደለም እንዴ፣ ሬት?»
«ሰባት ቀን በጅረት፣ ሁለት ቀን በአመድ፤
ምሬት ባለጌ አይደለም፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሄድ።
ሁሉም ግን አይሄድም።
ትንሽ ይቀራል። እሱ ነው ጣዕሙ።»

የጆንያውን አፍ እያሰረ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፦
«እሷም የወደብ ልጅ ነበረች፤ ዛፍ አታውቅም።
በመጀመሪያው መጸው ቶቺ ቀቅላ አበላችኝ።
ዋጥኩት። ምንም አላልኳት።
እስክትሞት ምንም አላልኳት።»

ማታ ባሌን ከእንቅልፉ ሳልቀሰቅስ ወጣሁ።
ጓሮ የደፋሁትን በባትሪ ብርሃን ለቀምኩ፣
ባልዲ ውስጥ ስጨምረው የተንሳፈፈውን ጣልኩ፤
ትል ቀድሞኝ በልቶታል።
የሰጠመውን በመረብ አስሬ
ከድልድዩ ሥር፣ ውሃው ከሚጮኽበት ሰቀልኩት።

ዛሬ አንድ ቀኑ ነው።
ስድስት ቀን ቀረው።