በየትኛው እትም?

ሐሙስ ማታ፣ ግሮኒንገን፣ ከብስክሌት ጥገናው ፎቅ፣
ዝናቡ መስኮት ሲጠርግ፣ ማሞቂያው ሲል ጠቅ ጠቅ፣
አራት ሰው በአንድ ጠረጴዛ በሦስት ሕግ ስንሟገት፣
ዘንዶው ከዋሻው አልወጣም፤ ተኝቷል ከመሰልቸት።

ዉቦ አሮጌውን ይዟል፣ ጀርባው በፕላስተር የተደገፈ፣
ገጹ በቢራ የወዛ፣ ጥጉ በአይጥ የተቀረጠፈ።
«ጨዋታ ማለት ይኼ ነው» ይላል፣ «ሞት ያለበት ሜዳ፤
በር ስትከፍት የምትሰጋ፣ ደረጃ ስትወርድ የምትጎዳ።
አንድ ያልታየ መርፌ፣ አንድ ክፉ ዳይስ፣ በቃ!
ወረቀትህን ቀደህ ጣል፤ ሌላ ሰው ፍጠርና ንቃ።»

ሲትስከ ደግሞ ሦስተኛውን፤ የግብር ቢሮ ሠራተኛ ናት፣
ቁጥር ሲደመር ሲቀነስ ፊቷ የሚበራላት።
ለአንዲት የጎራዴ ምት ሰባት ነገር ትደምራለች፤
«ከፍታው ሁለት፣ ጨለማው አንድ፣ ድንጋዩ ርጥብ ነው» ትላለች።
እኛ ሻይ አፍልተን፣ ጠጥተን፣ ኩባያ አጥበን ስንመለስ፣
ጎራዴዋ ገና አየር ላይ፤ ጠላት ቆሞ ሲያስነጥስ።

ዮሪት አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ በአምስተኛው ያደገ፣
ሕጉን በወጉ ሳያነብ ታሪኩን ብቻ የፈለገ።
«ልኬቱን ተዉት» ይለናል፣ «ሰውዬው ማንን ይወዳል?
ምን ያስፈራዋል? እናቱስ? ዘንዶውን ቢያገኝ ምን ይለዋል?»
ዉቦ ዓይኑን ወደ ጣሪያ፦ «ዘንዶ ሊያጫውት መጣ ደግሞ!»
ሲትስከ፦ «ማጫወት ስንት ነጥብ ነው?» እርሳሷ ከአፏ ቀድሞ።

እኔን አትጠይቁኝ። ሆላንድኛ የለመድኩት
ከዉቦ መጽሐፍ ነው፤ ከ«ዳቦ» በፊት «የተመረዘ ጦር» አልኩት።
ማዘጋጃ ቤት ሄጄ «ሙያህ?» ብትለኝ ጸሐፊዋ
«ሌባ፣ ደረጃ አራት» ብዬ፣ ቀጥ አለ ብዕሯ በእጇ።
እንግዲህ ይሻላል የምለው፣ ብልጫው ኖሮ ባይኖር፣
አፌን የፈታሁበትን ነው። ክርክር አይደለም፤ ነገር።

በዚያ ሐሙስ ግን ዮሪት፣ ያን አሮጌ ሲያገላብጥ፣
አንድ የገረጣ ወረቀት ወደቀ ከመጽሐፉ ውስጥ፦
ባርቶልድ፣ ባለ መዶሻ ቄስ። ደረጃ ስድስት።
ከታች በቀይ እስክሪብቶ መስቀል።

«ይኼ ማነው?»
ዉቦ መነጽሩን አወለቀ።
«የወንድሜ የኤፖ ሰው ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት አለፈው።
ሸረሪት ነከሰችው። ዳይሱን ወረወረ፤ አራት።
መጽሐፉ ሞተ ይላል፤ እኔም ሞተ አልኩ። ዳኛው እኔ ነበርኩ።
ኮቱን ለበሰና ወጣ።
ያ ከቦዩ ማዶ የሚታየው መብራት የእሱ ነው።»

ማሞቂያው ጠቅ አለ።
ዮሪት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
«በአምስተኛው እኮ ወዲያው አይሞትም።
ይወድቃል እንጂ። ከዚያ ይጥላል፤
ሦስቴ አሥርና ከዚያ በላይ ካመጣ ይነሣል።»

«የሕፃናት ሕግ!» አለ ዉቦ።
እጁ ግን ባለ ሃያ ፊቱን ዳይስ አንሥቶ ነበር፣
እንደ ትኩስ ድንች እያገላበጠው።

አሥራ አራት።
ሰባት።
አሥራ አንድ።
ሲትስከ መደመሯን ትታ ትንፋሿን ይዛለች።
አሥራ ሰባት።

ዉቦ ስልኩን አወጣ፤ ቁጥሩን በቃሉ ያውቀዋል።
«ኤፖ፣ እኔ ነኝ። ባርቶልድ... ተርፏል።»
ከወዲያ የቴሌቪዥን ድምፅ፤ ከዚያ ቴሌቪዥኑም ጠፋ።
«በየትኛው እትም?»
«በአምስተኛው።»
«እንግዲያ ሞቷል» አለና ዘጋ።

ዉቦ የጠቆረውን ስልክ እያየ፣ ትከሻው በሣቅ ተናጠ፤
«ሰማችሁት? ወንድሜ ነው!» አለ፣ ዓይኑን በእጅጌው እየጠረገ።
ሲትስከ ሻይ ልትቀዳ ተነሥታ አምስት ኩባያ ደረደረች፤
ያቺ ቁጥር የማትስተው ሴት፣ ስሕተቷን አላረመች።