ተገልባጭ

ሙጋድ፣ ከሙሄዲን ሱቅ፣ ካቧራማው መስታወት ኋላ፣
ሁለት መኪና ቆሟል፤ አንዱ ካንዱ የማይላላ።
ቀዩና ሰማያዊው። ጎማቸው እንደ ቡጢ ያበጠ፣
ሞላቸው ባራት ማዕዘን ያፈጠጠ።
እንደ ልማዴ ተንበርክኬ ሆዳቸውን አየሁ፣
ከዲፈረንሻሉ ሥር ዘይት ያንጠባጥብ እንደሁ።
ሙሄዲን ሳቀ። "ጋሽ አሊጋዝ፣ ባትሪ ነው እኮ ሚበላው!
ደግሞ አንድ ናቸው፤ ባትሪው ያው፣ ሞተሩም ያው፤
ሰማንያ ይመታል ባንዲት ምት፣ ሜዳ ካገኘለት ሰው።"
"ቀዩ ለምን ሁለት ሺህ በለጠ?" "ባንድ ጣት ርዝመት።
እሱ መስመሩን አይስትም፤ ያኛው ግን
ሥራው መዝለል፣ መውደቅ፣ መነሣት።"

እኔ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ገልባጭ ስነዳ የኖርሁ፣
ሐረጎን በሁለተኛ ማርሽ፣ ፍሬን ቆጥቤ የወረድሁ፣
በየኩርባው አላህንም ማርያምንም የጠራሁ፣
(አንዱ ሥራ ቢበዛበት አንዷ ትሰማኛለች እያልሁ)
ለመኪና ደግነት አንዲት መለኪያ ነበረችኝ፦
ማታ ኮምቦልቻ፣ ከደጄ፣ በዐሥሩም ጎማ ካደረሰችኝ።
ዛሬ በጡረታዬ፣ መገልበጥ ዋጋ ወጣለት፣
ከካርቶኑ ፊት ላይ ፎቶ ተነሣለት!

"ለልጅ ልጅ ነው?" አለኝ። "አዎን" አልሁ።
የልጅ ልጅ የለኝም። ዋሸሁ።

ከሱቁ ጀርባ፣ የብሎኬት ስባሪ ከተከመረበት፣
ጣውላ ዘንበል አድርገን መንደርደሪያ ሠራንበት።
ቀዩ ሄደ።
እንደ ጨዋ ሾፌር ሄደ፤ ጣውላውን ወጣ፣ ተንሳፈፈ፣
ባራት እግሩ አረፈ፣ አቧራውን አራገፈ።
እንከን የለውም። ምንም። እጄን ወደ ኪሴ ሰደድሁ።

"ያንንም እየው እንጂ!"
ሰማያዊው ሲነሣ፣ ሞተሩ እንደ ተርብ አፏጨ፤
ባየር ላይ ሁለቴ ዞረ፣ እንደ ጥጃ ፈነጨ፤
ከዚያ በጀርባው ወደቀ። ጎማው ወደ ሰማይ። እየዞረ።
እየዞረ።

ይህንን አይቼዋለሁ። ሐረጎ፣ ጉም ባፈነው ጧት፣
የመሐመድይመርን መኪና፣ ሲሚንቶ እንደጫነች፣
ከገደሉ ሥር፣ በጀርባዋ ተኝታ ሳያት፤
ሞተሯ ጠፍቶ፣ ጎማዋ ብቻ ቀስ እያለ ሲዞር፣
ገና መንገድ የቀራት ይመስል፣ ገና የምትደርስበት አገር።
ሬዲዮኗ ግን ይሠራ ነበር።
ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ያወራ ነበር።

"ቆይማ" አለ ሙሄዲን፤ አንዲት ቁልፍ ተጫነ።
መኪናው ተንፈራገጠ፣ ወገቡን ሰበቀ፣
ገልበጥ ብሎ ባራት እግሩ ሆነ።
"ዳነ!" ብዬ ጮኽሁ። የጎረቤቱ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ
መዶሻውን እንዳነሣ ቀረ።
"እንደገና" አልሁት። ወደቀ፤ ተነሣ።
"እንደገና።"
ስንት ጊዜ እንደጣልነው እንጃ። መጨረሻው ላይ
ባትሪው ደከመና ባፍጢሙ እንደተደፋ ቀረ።

ሰማያዊውን ገዛሁ። ሦስት መቶ ብር አስቀነስሁ።
ሚኒባስ ላይ፣ ካርቶኑን ታቅፌ፣ በቀዩ ተጸጸትሁ፤
ረዘም ያለ ነው፣ አይዋልልም፣ ዕድሜም ይኖረው ነበር፤
ትተውት የሄዱት ዕቃ ሁሌም ከያዙት ይበር!
ረዳቱ "አባባ፣ ለካርቶኑም ይከፈላል" አለ።
ከፈልሁ።

ሐረጎ። ከዚያች ኩርባ ስንደርስ
ሁልጊዜ ዓይኔን እጨፍናለሁ።
ዛሬ ግን ሪሞቱን ከኪሴ አወጣሁ፣
ወደ ገደሉ አዞርሁ፣
ያችን ቁልፍ ጫን አልሁ።
ባትሪው አልቋል። አውቃለሁ።
ጫን አልሁ።