አፈር ይቅለለው

«አፈሩ ይቅለል» አለች ኢንጂነሯ፣
ነጭ ቆቧን ገፋ አድርጋ ከግንባሯ፤
«ጣሪያው የሚሸከመው ልክ አለው፣
ከልክ በላይ ከጫናችሁት ጉድ ነው።»
ሃያ ሁለት ሆነን አካፋ ይዘን ቆመናል፤
ሁላችንም ሰምተናል።
እኔ ግን ቃሉን ዱሮ፣ ከሌላ አፍ የሰማሁት መሰለኝ፤
የአካፋው እጀታ ቀዘቀዘኝ።

ከደጃችን እስከ ሐይቁ ሦስት መቶ እርምጃ ነው።
አባቴ ነው የቆጠረው፣
መረቡን በትከሻው አዝሎ፣
በጨለማ፣ ታቦርን ከኋላው ጥሎ።
መንገዱ ሲመጣ እርምጃው አልጨመረም፤
ሦስት መቶ ነው ዛሬም።
ግን መካከሉ ላይ፣ ከመቶ አሥር እስከ መቶ ሃምሳ፣
የሞያሌ መኪና ሌት ተቀን ሲያገሳ፣
ሰው ጠርዝ ላይ ቆሞ
ግራ ያያል፣ ቀኝ ያያል፣ ግራ ደግሞ፤
ከዚያ እግሬ አውጭኝ።

ቀስ በቀስ ሐይቁን ማየት ቀረ።
ቆሮሶ የሚሸጠው ልጅ እንኳ በአሞራ ገደል ዞሮ መምጣት ጀመረ።
የሰፈራችን ልጆች፣ ሐይቅ ሣሉ ሲባሉ ትምህርት ቤት፣
አንድ ሰማያዊ መስመር አሰመሩ፤ ከፊቱ መኪና፣ ስድስት፣ ሰባት።

ሀመሶ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።
የሚንሳፈፍ ድንጋይ ሊያመጣልኝ ሄዶ ነበር፤
ታውቁታላችሁ፣ ሐይቁ ዳር ያለውን፣
ሽበት የመሰለውን፣ በቀዳዳ የተሞላውን፣
ውኃ ላይ ሲጥሉት እንደ ቁራሽ ዳቦ የሚዋኘውን።
የላክሁት እኔ ነኝ። ለእናቴ አልነገርኳትም፤
ለኢንጂነሯም አልነግራትም።
ሁለት ነበሩ በኪሱ።
አልተሰበሩም።

በቀብሩ ዕለት ሰፈሩ ሁሉ አንድ አፍ ሆኖ
«አፈር ይቅለለው» አለ።
አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዝናብ አድሮበት አፈሩ ጠቁሯል፤
ቀባሪው አካፋውን ሲያነሣ ወገቡ ይንቀጠቀጣል።
ውሸታቸውን ነው አልኩ በልቤ።

አሁን ታዲያ፣ ሁለት ዓመት ቆፍረው መንገዱን ዝቅ ካደረጉት፣
የኮንክሪት ጣሪያ ካለበሱት፣
ገልባጩ መኪና ጭነቱን ዘረገፈና አቧራው ሲበን
አየሁት፤ ግማሹ አፈር፣ ግማሹ ያ ድንጋይ፣
ተፈጭቶ፣ ደቅቆ፣ ሽበቱ እንዳለ።
«ቀላል ነው» ትላለች፣ «ውኃ ይይዛል፣ ሣር ይወደዋል፤
ዋርካ ግን እንዳትተክሉ፤ ሥሩ ጣሪያውን ይበሳዋል።»

መንገዱን እንደ ሰው ከእግሩ ጀምረን ገነዝነው፣
እስከ ራሱ ድረስ አፈር አለበስነው።
አልሞተም። ከሥር ያገሳል፤
ጫማዬን ሳወልቅ ተረከዜ ይሰማዋል።
ከሁለቱ ድንጋዮች አንዱን፣ የሻይ ሰዓት ላይ፣
ከአካፋዬ ጋር ጣልኩት፤ የት ጋ እንደሆነ ጠፍቶኛል።
የእሱ ኪሎ በወረቀቷ ላይ የለም።
ሌላኛው ቤት ነው።

የተመረቀ ዕለት ሪባን ተቆረጠ፣ ማይኩ ጮኸ፣
አንድ አባ ኮዳ መድረኩ ላይ ወጥቶ
እንደ ክብር እንግዳ አንገቱን ሰብሮ ቆመ።
አባቴ ሰው እስኪበተን ጠበቀ።
ከዚያ ከደጃችን ተነሣ፤
ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ከኋላው አየዋለሁ፤
መቶ ስምንት፣ መቶ ዘጠኝ፣
መቶ አሥር ላይ ቀጥ አለ።

ከፊቱ ሣር ነው። ሣርና አንዲት ልጅ፣
ብስክሌት እየተማረች፣ ወንድሟ ኮርቻውን ይዞላት።
ወዲያ ማዶ ውኃው።
አባቴ ግራ አየ። ቀኝ አየ። ግራ አየ።
እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ፣
የልጅ እጅ እንደሚፈልግ ሰው፣ መዳፉን ከፍቶ፣
ፊቱን ሳይመልስ።

ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ያዝኩት።
ከሥራችን አንድ ከባድ መኪና ወደ ሞያሌ አለፈ።
«መቶ አሥራ አንድ» አለ።