አምስት ሎሚ

ሰበብ አላጣሁም፤ አምስት ሎሚ ይዤ
ከበራቸው ቆምኩኝ፣ ለአፍታ ፈዝዤ።
ነገ ቅዳሜ ነው፤ ባስልኤል ልጄ
ከቃለአብ ጋር ሊውል፣ ሦስት አጥር ከደጄ።

ሳያፍሩ የሚሉት ስንት ነገር አለ፦
«ጉድጓዱ ተከድኗል? ውሻው ታስሮ ዋለ?
ከደንገሉ ዳር ላይ እንዳይቆዩ ማታ፣
ሲመሽ ጉማሬ ነው የዚያ ሰፈር ጌታ።
ነጭ አሳ ከሆነ እሾሁን አንሺለት፣
ብርድ ያስለዋል፣ ሹራብ ደርቢለት።»
ይህን ማን ይቀየማል? «እናት ናት» ይባላል።
ያችኛዋ ግን
ከጥርሴ ኋላ ናት፤ ቃል ይሸሻታል።

ሰው ስለ ጠመንጃው እንዴት ይጠየቃል?
በረቱ ውስጥ ገብቶ ከብቱን እንደ መቁጠር፣
ድስቱን ከፍቶ እንደ ማየት ይሆናል።
አባቴም ነበረው፣ ከምሰሶው ሰቅሎት፤
እናቴ አቧራውን በየሳምንቱ ስትጠርግለት
«ጎርሷል ወይ?» ብሎ የጠየቃት የለም።
እሷም አልጠየቀች።
ለኛ ለልጆቿ ግን ሳታጎርሰን አትውልም።

«ግቢ እንጂ!» አለችኝ ባንቺወሰን፣ ከነሣቋ።
እንየው የጀልባውን ካርቡራተር ፈቶ
ያጥባል በቤንዚን፣ ጋዜጣ ዘርግቶ፤
ብሎኖቹን ሁሉ በተርታ ደርድሮ፣
አንድ እንዳይጎድልበት ደጋግሞ ቆጥሮ።
ሎሚውን ሰጠኋት። ስለ ስኳር ዋጋ፣
ስለ እምቦጩ አወራን፣ ዘንድሮም የሽምብጥን ዳር እንደ ዘጋ።
ከዚያ አመለጠኝ፣ እንደ ሳል፦
«እናንተ ቤት… መሣሪያ አለ?
የት ነው የሚቀመጠው?»

ዝም።
የቤንዚኑ ሽታ ቤቱን ሞላው።
«ምን ሰማሽ?» አለ እንየው፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣
«ማን ነው ስሜን ያነሣው?»
«ማንም። ልጄ ስለሚመጣ ነው፤
እንደ ውሻው ነው የጠየቅኩት፣ እንደ ጉድጓዱ።»

ሣቀ፣ የተቀየመ ሰው ሣቅ።
ጓዳ ገብቶ ወጣ፣ ክላሹን አንግቶ፦
«እኔም ልጅ አለኝ'ኮ! ካዝናው ለብቻው ነው፣ ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ።
እሷ ባዶዋን ናት። እዪ!» አለና
ማቀባበያውን ሳበ።

አንዲት ጥይት ዘለለች።
ሊሾው ላይ ሁለቴ ነጠረች፣ ተንከባለለች፣
ከሶፋው ሥር ሄዳ
ጓደኛው ከጠፋ የልጅ ሸበጥ ጎን ቆመች።

ማንም አላነሣትም።
እንየው ቁጭ አለ። ብሎን ስተው የማያውቁ ጣቶቹ
ጉልበቱ ላይ ተንቀጠቀጡ።
«ጎርሳ ኖሯል» አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ጎርሳ።»
ባንቺወሰን ሎሚዎቹን እንደ ታቀፈች ነበር።
«ሰባት ዓመት ሙሉ ከላይዋ ስተኛ
እኔስ መች ጠየቅኩ?»

እስከ በሩ ሸኘችኝ። መቀርቀሪያውን ይዛ ቆየች።
«አልተቀየምኩሽም» አለችኝ ዝቅ ብላ፣
«ግን ቃለአብ በተራው እናንተ ጋ ሲመጣ…
በናንተስ ቤት አለ?»

«የለም» ልል አፌን ከፈትኩ።
ወንድሜ ወደ መተማ ለሰሊጥ ሥራ ሲወርድ
በአሮጌ ጋቢ ጠቅልሎ «አደራ» ያለኝ ሽጉጥ አለ፣
ቁም ሣጥኑ አናት ላይ።
የኔ አይደለም ብዬ
ከቁጥር ያላገባሁት።

ማታ ባስልኤል ሲተኛ ወንበር ስቤ ወጣሁ።
የቁም ሣጥኑ አናት የሁለት በጋ አቧራ ለብሷል።
ጋቢው እንደ ተጠቀለለ ነው፣
እንደ ታሰረ ነው።
አጠገቡ ግን፣
አቧራው ላይ፣
አምስት ትንንሽ ጣቶች።