ያልታጠበ ፊት

ፖርቶ ላይ ዝናቡ ቁልቁል አይወርድም፣
በጎን ነው የሚመጣው፤ ጃንጥላ አይመክትም።
እንዲያ ባለ ማለዳ፣ ማክሰኞ መሰለኝ፣
ዙልሚራ ገባችና ቆማ ተመለከተችኝ፤
ከብብቷ አወጣች የመሐረብ ቋጠሮ፤
«ጊዜው ደረሰ፣» አለች፣ «ባሌ የጠበቀው፣ አድሮ፣ ከርሞ፣ ኖሮ።
እርሱ ግን አልቆየም፤ በጥር ቀበርነው፤
ጥርሴን ላስተክልበት ነው፤ እንካ፣ አንተ እየው።»

እኔ ነኝ የሸጥኩለት። አልክድም።
አሥራ አንድ ዓመት አለፈ፤ ቃሌ ግን አላለፈም።
ኤቫሪስቶ ትራም ነጂ ነበር፣ በወንዙ ዳር፣
ጣቶቹ ወፍራም፣ ድምፁ ቀጭን፣ ሲናገር የሚያፍር።
የስንብት ገንዘቡን በፖስታ ይዞ መጣ፤
«ባንክ ይበላዋል፣ ልጄም ይበላዋል፤
የማይበላ ነገር ስጠኝ፣ ዋጋው እያደር የሚወጣ።»

ከመሳቢያዬ ሳብኩለት አንድ የጥንት ብር፣
ሁለት መቶ ዓመት ያጠቆረው፣
ዳሩ ላይ እንደ ርግብ አንገት የሚቀያየር፤
ግራ የሚያይ ንጉሥ፣ አገጩ የኮራ፣
በዚያ ዓመት ጥቂት የተመታ፣ ከቀለጠው የተራረፈ፣ ብርቅዬ ሥራ።
«ይህን ጥቁረት አየህ?» አልኩት፣ «ቆሻሻ እንዳይመስልህ፤
ዋጋው እርሱ ነው፤ ጊዜ ነው የተኛልህ።
ዳር ዳሩን ያዝ። አትወልውል፣ ለሰው አታሳይ፤
አሥር ዓመት ታገሥ፤ እጥፍ ነው፣ ምናልባት ከእጥፍም በላይ።»

(«ምናልባት»ን በቀስታ ነው ያልኳት፣
ትርፌን ግን ፈጥኜ ነው የቆጠርኳት።)

አሁን ቋጠሮው ተፈታ።
ብርሃኑ ዓይኔን መታ።
እንደ አዲስ ድስት ክዳን ነጭ! የርግቡ አንገት የለ፣
ሁለት መቶ ዓመት በአንድ ምሽት ከነጭሱ ኮበለለ።
አጉሊ መነጽሬን አቀረብኩ፤ ጭረት ነው የትም የትም፣
ጉንጩ ላይ፣ ጸጉሩ ላይ፤ ያልተፋቀ ቦታ የለም።
«ምን አደረግሽው?» አልኩ፣ ድምፄ ተሰብሮ።
«አጠብኩት ነዋ! ገበያ ይወጣል እንዴ እንደዚያ ጠቁሮ?
በሎሚ፣ በጨው፣ በጥርስ ብሩሽ፣ ሌሊቱ እስኪጋመስ ነው፤
እርሱን ሲሞት ያጠቡት የሆስፒታል ሰዎች ናቸው።
ለእኔ የቀረኝ ይኼ ነው።»

ሲያጌጡ ይመላለጡ! እድፉ ነበር ሀብቱ፤
በመጥራቱ ረከሰ፣ ሆነ የማንም ከንቱ።
ይህን ማን ይናገራል፣ ጣቶቿን እያየ፣
በሎሚ የተላጡ፣ ጥፍሯ ሥር ጨው የቆየ?

ሚዛን ላይ አኖርኩት።
«የብሩን ክብደት ያህል ነው፣» አልኩ፣ «ሌላ ዋጋ የለውም።»
ቁጥሩን ጻፍኩላት፤ አፌ ሊያወጣው አልቻለም።
አየችው። ዝናቡ መስታወቱን ሲደበድብ
«በትራም ትኬት ስንት ይሆናል?» አለች፣ እንደ ልጅ፣ እንደሚያነብ።
«አምስት… ቢበዛ ስድስት።»
ሳቀች። እንዲህ ያለ ሳቅ አልሰማሁም፣ ከዚያ ወዲህም ከዚያ በፊት።

«አሥራ አንድ ዓመት፣» አለች፣ «በጓንት ነው የያዘው፤
እኔን እንኳ እንዲያ ባለ ጥንቃቄ… ተወው።
ሌሊት እየተነሣ መሳቢያውን ይከፍታል፣
እስትንፋስ ያበላሸዋል ብሎ ትንፋሹን ይውጣል።
ትናንት ግን፣ በባዶ እጄ፣ ሳሙናው ውስጥ፣
ሳሸው፣ ሳሸው ሞቀ።
የሰው ፊት ሆነልኝ፣ ከጣቶቼ መሃል የሚያመልጥ።»

የከፈለውን ልመልስልሽ ልላት ነበር፤ አፌ ተከፈተ።
ከዚያ የሱቁ ኪራይ ትዝ አለኝ። አፌ ተከተተ።

አልሸጠችልኝም። ቦርሳዋን ከፈተች፣
ከዳቦ መልስ፣ ከዝርዝር መሃል፣ ጣል አደረገችና ወጣች።
ንጉሡ ከሳንቲም ጋር ሲጋጭ ሰማሁት፣ ሲንኳኳ፣ ሲናገር፤
ሁለት መቶ ዓመት ዝም ብሎ፣ ዛሬ ገና ገንዘብ ሊሆን ሲሞክር።

መሳቢያዬን ገፋሁ። ውስጡ ጥቁር ነገሥታት ተኝተዋል።
ጠረጴዛዬን ጠረግሁ፣ ደግሜም ጠረግሁ፤
እስከ ማታ ሎሚ ሎሚ ይሸታል።