ለፊታውራሪ ጎረቤት ፍለጋ

ሄር ዲትማር ከፎቁ በወንበር ሲወርድ፣
በሁለት ነርሶች እጅ፣ በኅዳር ብርድ፣
በቋንቋው ባይኖርም «አደራ» የሚል ቃል፣
ዓይኑ ብሎኝ ነበር፤ ያለ ቋንቋም ይባላል።

የተወልኝ ገንዳ፣ ስልሳ ሊትር ውሃ፤
በውስጡ አንድ ዓሣ፣ እንደ ሰው በበረሃ።
ስሙን በጀርመንኛ ነግሮኝ ነበር፣ ረሳሁት፤
የካባውን ቅላት አይቼ ፊታውራሪ አልሁት።

ቤታ ነው ዘሩ፤ ከሩዝ ማሳ የመጣ፣
ካፈፉ ብቅ እያለ አየር የሚጠጣ፤
መስታወት ቢያሳዩት ጉንጩን እንደ ጋሻ ዘርግቶ
ከገዛ መልኩ ጋር የሚዋጋ ተቆጥቶ።

እሽግ ስደረድር አድሬ፣ በንጋቱ ትራም
ስገባ እሱ ብቻ፤ ሌላ ነፍስ የለም።
እናም ለሽምግልና ወጣሁ በቅዳሜ፣
ለባለ ካባው ጌታ ጎረቤት ልለምን ቆሜ።

ላይፕዚግ፣ ካናሉ ዳር፣ ከብስክሌት ጠጋኙ ማዶ
የሃነሎረ ሱቅ አለ፣ መስኮቱ በእንፋሎት ተጋርዶ።
መነጽሯን ሰቀለች፣ እርጥብ እጇን ጠረገች፣
ስሜን ሳትጠይቅ የዓሣውን ጠባይ ጠየቀች።

«ቁጡ ነው ወይ ታጋሽ? ሲበላ ይሻማል?
ውሃው ስንት ዲግሪ ነው? ሌሊት ይቀዘቅዛል?
ቅጠልስ፣ መሸሸጊያ? ዕድሜው ስንት ነው?»
አገር ቤት ዘር ሲቆጠር እስከ ሰባት ቤት ነው፤
የሃነሎረን ጥያቄ ማን ቆጥሮ ይጨርሰው?

ጉፒዎቹን አሳየኋት፣ ባለ ቀስተ ደመና ጭራ፤
«ተይ» አለች፣ «በሱ ፊት ማን ጌጥ ለብሶ ይኩራራ?
ጭራቸውን ሲያይ ሌላ ወንድ መጣ ይላል፤
እስኪነጋ ያንን ሐር ብጥቅጥቅ ያደርጋል።»

ባለ መስመሮቹስ? «እነዚያ ካባ አይወዱም፤
የሰው ልብስ ሳይቀዱ ውለው አያድሩም።»
ወርቃማው ዓሣስ? «እሱ የብርድ ልጅ ነው።
አንዱን ሲሞቀው ሌላውን ይበርደዋል፤
እንዲህ ያለ ትዳር አይቻለሁ» አለች።

ሌላ ቤታስ? ስል ቃል አልወጣትም፤
ጣቷን በአንገቷ ላይ ሳበችው፣ በዝግታ።

አልሰማኋትም።
ሁለት ጉፒ ገዛሁ፣ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ ምንም ከማይጠይቅ ሱቅ።
ጠዋት አንዱ ጭራ አልነበረውም፤
ሌላው ከማሞቂያው ኋላ ተወሽቆ ትንፋሹን ይቆጥራል።
ፊታውራሪ መሐል ሜዳ፣ ካባው ሙሉ፣
ምንም እንዳልሠራ ሰው።

ሃነሎረ አልተቆጣችም። ቁስለኞቹን ተቀበለች፣
ስድስት ኮሪዶራስ በውሃ ከረጢት ቋጠረችልኝ፤
ጢማሞች፣ አመድማ፣ ከወለል ለቃሚዎች፤
በላያቸው አንድ ቀንድ አውጣ፣ ምርቃት።
«የታቾቹን ስጪው። ላይ የሚኖር ታች አያይም።
ከስድስት እንዳታሳንሺ፤ ትንሽ ሰው ብቻውን አይኖርም።
መብራት አጥፊ፤ ድንጋዩን አዟዙሪ፤
ግዛቱ ከየት እስከ የት እንደነበር ይጥፋው።»

ሦስት ሌሊት ፈረቃዬን ለውጬ ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ።
አንዴ ወረደ። ጉንጩን ነፋ። ካባውን ዘረጋ።
ኮሪዎቹ ጢማቸውን ከአሸዋው ቀና አላደረጉም።
ፉከራ ያለ ሰሚ ምን ይሆናል?
ወጣ፤ አየሩን ጠጣ፤ ደግሞ አየ።

እሑድ ሄር ዲትማርን ልጠይቅ ሄድሁ።
ሁለት አልጋ፣ መሐሉ መጋረጃ፤
ከማዶ ራዲዮ ኳስ ያጓራል፣ ሳል አለ።
«ማን ነው?» አልሁት፣ በሹክሹክታ።
«እንጃ። አንድ ጠዋት ስነቃ አስገብተውት አገኘሁ።»
ሃነሎረ ትዝ አለችኝ፣ ከነጥያቄዋ።

ስልኬን አውጥቼ ገንዳውን አሳየሁት።
አየ፣ አየ፤ «ታች ያሉት እነማን ናቸው?» አለ።
ነገርሁት።
«ጡረተኞች ይመስላሉ፣ ቁልፍ የጠፋባቸው» ብሎ ሳቀ፤
ከወረደ ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም ነበር።

የኳሱ ጩኸት ቀነሰ።
«ምንድን ነው የሚያስቅህ?» አለ ከመጋረጃው ኋላ
የማላውቀው ድምፅ።

ሄር ዲትማር ጉንጩን ነፋ፣ ትንፋሹን ያዘ።
ከዚያ ስልኬን እንደያዘ በሌላው እጁ
መጋረጃውን አንድ ስንዝር ያህል ገለጠ።